እሳቱ ከውጭ፣ ሙቀቱ ከቤት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሦስት አባላት ተዘጋጅቶ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የእድራችን ጡሩንባ በአንድ ጧት ለሁለት ሰው እንደተነፋ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ አንድ ነበር፣ ሣጥኑ ግን ሁለት። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ኮሚቴው ሦስታችንን ጠርቶ «ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ አጣርታችሁ ለአባላት አስረዱ» ሲል አዘዘን። እኛም ሐኪም ጠይቀን፣ መጽሐፍ አገላብጠን፣ ያ ቤት ድረስ ሄደን በሩንና መስኮቱን አይተን፣ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። አባወራው ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደውልናል። ስም ግን አንጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕለቱን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ማታም አላባራም። አባወራው የሌሊት ተረኛ ስለ ነበሩ ወደ ሥራ ሄደዋል። እቤት የቀሩት እማወራዋ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውና ከገጠር የመጡት አሮጊት እናታቸው ናቸው። አሮጊቷ ቁርጥማት ስላለባቸው ብርድ አይችሉም። ቡና ተፈላ፤ እስከ በረካው ተጠጣ። ከሰሉ በዚያን ጊዜ ፍም ብቻ ሆኗል፤ ጢስ የለው፣ ሽታ የለው። እማወራዋ ምድጃውን ሊያወጡ ሲነሡ፣ ከሦስታችን አንዱ አሮጊቷን ሊጠይቅ ገብቶ እዚያው ተቀምጦ ነበርና፣ «ተዪው እንጂ፣ ጢሱን ጨርሷል እኮ፤ ለእማማ ያሙቅላቸው» አለ። ምድጃው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። መስኮቱ ተዘጋ። ብርድ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ ተወተፈ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተኙ። እማወራዋ ሳሎን ስለ ተኙ ተረፉ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ጧት እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ነው የውጩን በር የከፈቱት።

ያንን ቃል የተናገረው ወንድማችን አሁን ከፊታችሁ ከቆምነው አንዱ ነው። «ይነገር» ያለው ራሱ ነው። እኛ ሁለታችን በቦታው ብንሆን ኖሮ ያንኑ እንል ነበር። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን «ጢሱን ከጨረሰ ምንም አይልም» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ማን አለ?

ስሕተቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጢስና መርዝ አንድ ነገር ይመስሉናል። ዐይን የሚያቃጥለው፣ የሚያስለው፣ ጣራ የሚያጠቁረው ጢስ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች የገደላቸው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ከሰል ማለት እንጨት ሲከስል ውኃውና አብዛኛው ጢሱ ወጥቶለት የቀረው ካርቦን ነው። ለዚህ ነው ጢስ የማያበዛው። ምድጃ ላይ ስናቀጣጥለው፣ ከሥር በቂ አየር የሚያገኘው ከሰል በደንብ ነድዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግን በቀላው ፍም መካከል ማለፍ አለበት፤ ሲያልፍ ፍሙ ኦክሲጅኑን ይሻማዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከሰል ሲያያዝ ከላዩ የምትታይ ሰማያዊ ነበልባል አለች አይደል? እርሷ መርዙ ራሱ ሲቃጠል ነው። እርሷ ስትጠፋ እኛ «በቃ ፋመ፣ አሁን ይግባ» እንላለን። ነበልባሏ ጠፋች ማለት ግን መርዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ እየወጣ ነው ማለት ነው። ዐመድ የለበሰው፣ እኛ ለስላሳና ጨዋ እሳት የምንለው፣ እርሱ እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ሲሰጥ ያድራል።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለአካላት የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኦክሲጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ነገሩ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ወንበር ይዞ አልነሣም እንደሚል ተሳፋሪ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ሲያዝ ኦክሲጅኑ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በክፍሉ ውስጥ ካለው አየር ከአሥር ሺህ እጅ 16 እጁ ብቻ ይህ መርዝ ከሆነ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ራስ ምታትና ማዞር ይጀምራል፤ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገድላል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱንም አያውቀው። አዲስ አበባችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያነሰ መሆኑንም አትርሱ።

በየቤቱ ስንዞር ያልሰማነው መድኃኒት የለም። አንዱ ሎሚ ጣልበት ይላል፣ ሌላው ጨው። አንዲት እናታችን ውኃ በሳሕን አድርገው ከምድጃው አጠገብ እንደሚያስቀምጡና «ውኃው ይስበዋል» እንደሚሉ አጫወቱን። ውኃው አይስበውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። ጨውና ሎሚም እንደዚሁ፤ ሽታ ይለውጡ ይሆናል እንጂ ሽታ የሌለውን ነገር አይነኩትም። «አልጋው ከፍ ካለ አይደርስበትም» የሚሉም አሉ። ይህ አየር ከምንተነፍሰው አየር በጥቂቱ ቢቀል እንጂ አይከብድም፤ ክፍሉን ሁሉ እኩል ይሞላል። መደብ ላይ የተኛም፣ ቁም አልጋ ላይ የተኛም አንድ ነው። ቁጠባ ምድጃ የገዙ ደግሞ፣ ላቀች የሚባለውን ማለታችን ነው፣ እርሱ ከዚህ ያድነናል ብለው ያስባሉ። ላቀች ከሰል ይቆጥባል፤ ይህ እውነት ነው፤ ፍም ይዞ ተዘግቶ ሊታደርበት ግን አልተሠራም።

ሽማግሌዎቻችን የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «እኛ ያደግነው በእሳት ዳር ነው፤ እናቶቻችን እሳት አዳፍነው ሲያድሩ ኖረዋል፤ ለምን አልሞትንም?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ለብዙ ሳምንት ይዘነው ዞርን። መልሱ ያለው ቤቱ ላይ ነው። የሣር ክዳን ጎጆ ይተነፍሳል። ጢሱ በክዳኑ መካከል እየተጣራ ይወጣል፤ ማለዳ ከሩቅ ያየ ሰው ጎጆው ራሱ የሚጤስ ይመስለዋል። በሩ ከመቃኑ ጋር አይገጥምም፤ ጣራው ከፍ ያለ ነው። ከዚያም በላይ እሳቱ የእንጨት ነበር፤ ሲበዛ ዐይን ስለሚያስለቅስ ሰው ሳይወድ በግድ በሩን ይከፍታል። የጎጆው ጢስ ሳንባና ዐይን አልጎዳም አንልም፤ የስንት እናቶቻችን ዐይንና ደረት በእርሱ ተጎድቷል። ነገር ግን ይናገር ነበር። አሁን ቤቱ ኮርኒስ ተመቶለታል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ መስኮቱ መስተዋት ነው፣ በሩ ብረት ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ከላይም ከታችም ከጎንም ሰው አለ፤ ሻፋ የለ፣ ክፍተት የለ። ቤቱን ለወጥን፣ እሳቱን ዝም በሚል እሳት ለወጥን፣ ልማዳችንን ግን እንዳለ ይዘን ገባን። ያን ሌሊት ከበሩ ሥር የተወተፈውን ጨርቅ እኛ በእጃችን ይዘን አይተነዋል። አሮጌ ነጠላ ነው።

እንግዲህ «ታዲያ በብርድ እንሙት ወይ?» ትሉናላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ምን እንደሚመስል፣ በነሐሴ እርጥበቱ ለሽማግሌ አጥንት ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ኤሌክትሪክ ያለው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሙቅ፤ ከዚህ መርዝ ነጻ ነው፤ ገመዱ እንዳይግል፣ መጋረጃ እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። ግን መብራቱ ይጠፋል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፤ ያልቻለውን ሰው «ኤሌክትሪክ ተጠቀም» ማለት ምክር አይሆንም። ስለዚህ እሳት ሌላ አገር እንዴት ቤት እንደሚያሞቅ ያየነውን እንንገራችሁ።

ከሦስታችን አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ወደ ስዊድን አገር ሄዶ የበረዶውን ወራት እዚያ ገጠር ከርሟል። እኛ ዘንድ እንጨት የድህነት ምልክት ነው፤ እዚያ ግን ባለ መኪናውም ባለ ትራክተሩም እንጨት ሲፈልጥ ይውላል። የስዊድን ገጠሬ እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ከተወደደ በኋላ ብዙው ወደ እንጨት ተመልሶ ነበር። የልጁ ጎረቤትም ቤታቸውን የሚያሞቁት በእንጨት ነው። ወንድማችን ሳሎናቸው ገብቶ ግራ ቀኝ ቢያይ እሳት የሚባል ነገር የለም፤ ቤቱ ግን እንደ ቆላ ይሞቃል። እሳቱ የት እንዳለ ሲጠይቅ ወደ ጓሮ ክፍል ወሰዱት።

እዚያ ከሰው ደረት የሚደርስ የብረት ዕቃ ቆሟል። በአዲስ አበባ ቦይለር ስንል የመታጠቢያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ነው የሚመጣልን፤ ይኼኛው በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ነው። ብረቱ ድርብ ነው፤ በሆዱ ውስጥ እንጨት ይነድዳል፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ደግሞ ውኃ አለ። ጢሱና መርዙ በጢስ መውጫው አድርጎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የሞቀው ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄድና በመስኮት ሥር በተተከለ የብረት ማሞቂያ ውስጥ ዞሮ፣ ሙቀቱን እዚያ ጥሎ፣ በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። ያው ውኃ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ወንድማችንን ይበልጥ ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው እሳቱን አያዳፍኑትም። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ፣ እንጨቱን አጭቀው፣ አየሩን ለቀው፣ እየጮኸ እንዲነድ ያደርጉታል፤ ከዚያ እንዲጠፋ ይተዉታል። «ሌሊቱንስ በምን ታድራላችሁ?» ቢላቸው፣ ከቦይለሩ አጠገብ የቆመውን ትልቅ የውኃ ጋን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አሳዩት። ሙቀቱ የሚያድረው እዚያ ነው። እኛም ቁጭ ብለን አሰላነው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ ከ90 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ ድረስ 58 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህም ባለ አንድ ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ቀን ከአሥር ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ የሚሰጠው ማለት ነው። ለዚህ የሚነደው እንጨት 20 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ደረቅ ከሆነ። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እርሱን ማንደድ ውኃ ማፍላት ነው። ስለዚህ ፈልጠው፣ ከመጠለያ ሥር ደርድረው፣ አንድም ሁለትም በጋ አድርቀው ነው የሚያነዱት።

እሳት የማያዳፍኑበት ምክንያት አለው። አየር የተነፈገ እሳት እንጨቱን ጨርሶ አይበላም፤ ግማሹን መርዝና ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ አድርጎ ይተፋዋል። ጥቀርሻው በጢስ መውጫው ውስጥ ይጋገርና አንድ ቀን ራሱ በእሳት ይያያዛል። በስዊድን አገር ጢስ መውጫ ማስጠረግ በሕግ የታዘዘ ነው፤ ጠራጊው በየጊዜው ይመጣል። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። ኤሚል ዞላ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ደራሲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1902 ፓሪስ ከተማ በመኝታ ቤቱ የሞተው በዚሁ ነገር ነው። ምድጃ ነበረው፣ ጢስ መውጫም ነበረው፤ ጢስ መውጫው ግን ተዘግቶ ነበር። ሚስቱ በጭንቅ ተረፈች። ሀብታምም፣ የተማረም፣ ጢስ መውጫ ያለውም ቢሆን መንገዱ ከተዘጋ አይድንም።

አሁን ከጎልማሶቻችን አንዳንዱ «እንዲህ ያለውን ቦይለር እኛስ ከበርሜል አንሠራውም?» እንደሚል እናውቃለን፤ ብየዳ የሚያውቅ በመካከላችን ሞልቷል። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ እንፋሎት ቦምብ ነው። የዚያ አገር ቦይለር ማስተንፈሻው፣ የውኃው ማበጫ ጋኑ፣ መቆጣጠሪያው በሙሉ በባለሙያ ተለክቶ የተሠራ ነው። እኛ ከዚያ የምንወስደው ብረቱን አይደለም። ሙቀትን በውኃ አድርጎ ማስገባት ይቻላል የሚለውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ድስት ይበቃል።

ሞክረነዋል። አባወራው ቤታቸውን ከፈቱልን፤ ያ ክፍል ከሐምሌ ወዲህ ሰው አልተኛበትም ነበር። በጓሮ ማድ ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት 20 ሊትር ውኃ በእድሩ ብረት ድስት አሞቅን፤ ከመፍላቱ በፊት አወጣነው። ባሕር ዛፉ የእግዜር ስጦታ ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ያለው ደን አልቆ፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው የነበረው በማገዶ እጦት ነበር፤ ያስቀራት ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ይባላል። ወደ ነገራችን እንመለስ። ድስቱን በክዳኑ ከድነን፣ ሁለት ሆነን ተሸክመን፣ ከአልጋው ራቅ አድርገን በድንጋይ ላይ አስቀመጥነው።

እንደ ምድጃው አላሞቀም፤ ይህን አንዋሻችሁም። 20 ሊትር ውኃ ከ90 ዲግሪ ወደ 30 ሲወርድ የሚሰጠው 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአንድ ሰዓት ተኩል ላነሰ ጊዜ ብትሠራ እንደማለት ነው። የክፍሉን ብርድ ሰበረው እንጂ አላስወጣውም። የበለጠ የሠራው ሁለተኛው ዘዴ ነው። የፋርማሲ የሙቅ ውኃ ላስቲክ ውኃ ሞልተን፣ አየሩን ጨምቀን አስወጥተን፣ በፎጣ ጠቅልለን ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ሥር ከእግር በኩል አደረግነው። ከሦስታችን ብርድ አልችልም የሚለው እዚያ ተኝቶ አደረ። ሌሊቱን በሙሉ ክፍሉን ማሞቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚሞቀው ሰውየው ነው። ላስቲኩ የሌለው ወፍራም ጠርሙስ ይጠቀም፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የሚፈላ ውኃ አትገልብጡ፣ ይፈነዳል፤ በለብታ አስጀምሩት። የለስላሳና የታሸገ ውኃ ፕላስቲክ ግን በሙቅ ውኃ ይሟሽሻልና ይቅር። ለሕፃንና ስሜቱ ለደከመ ሽማግሌ ሰውነት እንዳይነካ፣ እንዳያቃጥል። ትልቁ ድስት ደግሞ ልጅ በሚሮጥበት ቤት አይቀመጥ። የዳነውን በቃጠሎ እንዳንጎዳው።

ቡናችሁን አፍሉ፤ ማንም ቡና ይቅር አላለም። ሲፈላ ግን ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት ነገሮች፣ በርና መስኮት፣ ይከፈቱ። ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። ወደ ኮሪደር አይደለም፣ ወደ ደረጃ ሥር አይደለም፣ ወደ ደጅ። በኮንዶሚኒየም ያላችሁ ወደ ሰገነት አውጡትና የሰገነቱን በር ከውስጥ ዝጉ። ሰው በሚተኛበት ክፍል ፍም አይደር። ከዚህ ሌላ ቃል አላገኘንለትም።

ስለ አራስ ቤት ለብቻው እንናገራለን፤ ዋናው ሥጋታችን እዚያ ነውና። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ምድጃው ከክፍሉ አይወጣም። ሐኪሙ እንዳሉን ይህ መርዝ ነፍሰ ጡርን፣ በሆድ ያለውንና አዲስ የተወለደውን ከማንም በላይ ይጎዳል። «ራሴን አመመኝ፣ ያጥወለውለኛል» ስትል ምች ነው፣ የወሊድ ድካም ነው እየተባለ ይታለፋል። እናቶች፣ ይህን ለናንተ አደራ እንላለን፤ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ መጀመሪያ ምድጃው የት እንዳለ እዩ። ገንፎውም ቡናውም ማድ ቤት ተሠርቶ ይግባ። ቅር የምትል ባለቤት ካለች በእድሩ አሳብቡ፤ «እድር አዟል» በሉ።

ምልክቱን ደግሞ ያዙት። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ከቤት ወጥተው ሲነፍስባቸው ከቀለላቸው፣ ጉንፋን አይደለም። የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ ጎትታችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ውኃ እየረጫችሁ አትቆዩ፣ እናንተም ትወድቃላችሁ። ወተት አታጠጡት፤ የደከመ ሰው ይታነቃል። በሕይወት ካለ ነቅቶም ቢናገር ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ንጹሕ አየር ብቻ ሲተነፍስ በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በጭምብል ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ፤ «ከሰል በተዘጋ ቤት ነበር» በሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ይህን መርዝ ከኦክሲጅን አይለየውምና ደህና ነው ሊል ይችላል።

እማወራዋ እስከ ዛሬ ሲረሱ ይቸገራሉ፤ ነገር ይጀምሩና ይጠፋባቸዋል። ከመርዙ ይሁን ከኀዘኑ ሐኪሞቹም ለይተው አልነገሯቸውም።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ድንኳን እንመጣለን። ይህን ስናጠና ነው የታወሰን። በዚያው ለቅሶ፣ በሁለተኛው ሌሊት፣ ዝናቡ ሲበረታ የድንኳኑን ጎን በአራቱም በኩል አውርደን፣ ከመሬቱ ጋር በድንጋይ አስይዘን፣ በመካከል ሁለት ትልልቅ ምድጃ ከሰል አድርገን ሃያ የሚሆን ሰው ይዘን አድረናል። ጧት ራሱን ያላመመው ሰው አልነበረም። ለቅሶው ነው አልን። በከሰል የሞቱትን ሰዎች በከሰል ታፍነን አለቀስናቸው። አንድም ሰው ልብ አላለውም፤ እኛንም ጨምሮ።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ከሰል ሲነድ፣ ነፋስ በማይመታው ወገን ያለው የድንኳኑ ጎን ከመሬት እስከ ጣራው ተገልጦ ይደር፣ ከፊት ለፊቱም ያለው ጎን ከላይ በኩል ይከፈት። ለሚያድሩ ሰዎች እሳቱ ከድንኳኑ ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሁንና ሙቅ ውኃና ሻይ ወደ ውስጥ ይግባ። እድሩ ደግሞ ከዕቃ ግዢ በጀት ይህን መርዝ ሲሰማ የሚጮኸውን በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ሁለት ይግዛ፤ አንዱ ከድንኳኑ ጋር ይሂድ፣ ሁለተኛው አራስ ላለበት ቤት በውሰት ይሰጥ። ዋጋውን ጠይቀን ለገንዘብ ያዡ ሰጥተናል። የዕድሜ ባለጸጋ ለሆኑና አቅም ለሌላቸው አባላት የሙቅ ውኃ ላስቲክ በየቤታቸው እንዲደርስ የሴቶች ክፍል ይመልከተው።

ያ ወንድማችን «ተዪው እንጂ» ያለው እርሱ፣ በየወሩ የመዋጮ ቀን ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ተቀምጦ ምድጃና ድስት ይዞ ለሚፈልግ ሁሉ በተግባር ለማሳየት ራሱ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። ለዚህ የሚሆነው ባለ 20 ሊትሩ ድስት እቃ ቤት አለ፤ ክዳኑ ግን ከጥምቀት ወዲህ አልተመለሰም። የወሰዳችሁት አባል እባካችሁ ለእቃ ቤት ኃላፊው አስረክቡልን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።